ቆዳ የማይበሳው መርፌ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ጥናቱን የሚመራው ዶክተር ማዕረግ ጠዋት ከአዲስ አበባ ቦንጋ ደረሰ። ሁለት ካርቶን መርፌ፣ አንድ ካርቶን ቅጽ፣ ሃያ አራት የታሸገ ፖስታ ይዞ። ጥናቱ የጉልበት ሕመምተኞችን የሚመለከት ነው፤ ልም አጥንታቸው ተሸርሽሮ ደረጃ መውረድ የተሳናቸውን። ግማሾቹ ደረቁን መርፌ ይወጋሉ። ደረቅ የተባለው መድኃኒት ስለሌለበት ነው። ፀጉር የሚያህል መርፌ ከጉልበት በላይ በተቋጠረው ጡንቻ ውስጥ ይገባል፤ ጡንቻው ይነዝራል፤ ከዚያ ይላላል። ግማሾቹ ደግሞ የሚመስለውን ያገኛሉ። ጫፉ ዱልዱም ነው፤ ሲጫኑት ወደ እጀታው ይሸሸጋል እንጂ ቆዳ አይበሳም። ከፖስታው «ሀ» ከወጣ እውነተኛው፣ «ለ» ከወጣ ዱልዱሙ። ከመርፌው ጋር የሚሠሩት የጉልበት እንቅስቃሴ ለሁሉም አንድ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት።

የምወጋው እኔ ነኝ። በክሊኒኩ ያለሁት ፊዚዮቴራፒስት እኔ ብቻ ነኝ፤ ባለፈው ዓመት አራት ቀን የሠለጠንኩትም ለዚሁ ነው።

ማዕረግ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ «ይህ ካማረልን ለማስተርሱ የድጋፍ ደብዳቤሽን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ሲስተር» አለ። አርባ አራት ዓመቴ ነው። ሁለት ጊዜ አመልክቼ ሁለት ጊዜ ቀርቻለሁ። ይህን እዚህ ለምን እንደምጽፍ አላውቅም።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ሦስት ሰው መጣ፤ ሦስቱም እምቢ አሉ። ቅጹን እስከ ሦስተኛው አንቀጽ በደንብ ይሰማሉ። አራተኛው ላይ፣ «የሚደርስዎት መርፌ እውነተኛው ላይሆን ይችላል» የሚለው ላይ ስደርስ ይነሳሉ። አንደኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ባርኔጣቸውን እየደፉ «መድኃኒት የሌለበት መርፌ ሲገርመኝ፣ ጭራሽ መርፌም የሌለበት መርፌ መጣ?» አሉ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ማዕረግ ደወለ። «ስንት ሆኑ?»

«አንድም የለም።»

«በሁለት ሳምንት ሃያ አራት ካልሞላ ጥናቱን ወደ ሌላ ከተማ አዛውረዋለሁ። ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ዛሬ አምስት ተመዘገቡ። ቅጹ ረጅም ስለሆነ አሳጥሬ ነው ያነበብኩላቸው።

ከአምስቱ አንዱ ጋሽ ጣሰው ናቸው። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ንብ ያረባሉ። ከማንኪራ በእግራቸው ነው የመጡት፤ ሦስት ሰዓት የሚያስኬደው መንገድ አምስት ሰዓት ፈጀብኝ አሉ። በቀኝ ጉልበታቸው ዙሪያ የቆየ የብጣት ጠባሳ አለ፤ ስድስት ሰባት መስመር። ሳየው አይተው «ደሙ ወጣ፤ ሕመሙ ግን አልወጣም ብሎ እምቢ አለ» አሉ።

ቅጹን በከፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ነገርኳቸው። አራተኛው አንቀጽ ለካፊኖኖ አይመችም። «ጥናት ነው፣ ጉዳት የለውም» አልኩ። ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙ። ፖስታውን ከፈትኩ። ለ።

ዱልዱሙን ስጫንባቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። «ገባ?» አሉ።

«ጨርሻለሁ» አልኩ። ይህ ውሸት አይደለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 19

እትዬ አሚናት ከሺሺንዳ በአውቶቡስ መጡ። የጨርቅ ሱቅ አላቸው። አባታቸው ለንግድ ከጉራጌ የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን እዚያው ሺሺንዳ ተወልደው እዚያው አረጁ። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው።

«መነጽሬን ረስቻለሁ፤ አንቺው አንብቢልኝ፣ የኔ ልጅ።»

አነበብኩላቸው፤ በአማርኛ። ከሦስተኛው አንቀጽ ወደ አምስተኛው አለፍኩ። ፖስታው፣ ለ።

ከዜሮ እስከ አሥር ሕመምዎ ስንት ነው ስላቸው «ዘጠኝ» አሉ። መጻፍ ስጀምር ፊቴን አዩና «በዛ እንዴ? እሺ፣ ስምንት ተኩል። ከዚህ በታች ግን አያዋጣኝም» አሉ።

«እትዬ፣ የዋጋ ክርክር እኮ አይደለም። የሚሰማዎትን ነው።»

«የሚሰማኝንማ ብነግርሽ ወረቀትሽ አይበቃም።»

ሃያ አራቱ ሞሉ። ለማዕረግ ደወልኩ። «ጀግና ነሽ» አለኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 26

ጋሽ ጣሰው ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። መጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ብለው ነበር።

«ዛሬስ ስንት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ቁጥሩን ነው የምፈልገው፣ ጋሼ።»

«ስንት ብል ደስ ይልሻል?»

«ለእኔ ደስታ አይደለም።»

«አራት ነው፤ ጻፊ። ይህን ያህል ደክመሽልኝ አምስት አልልም።»

አራት ብዬ ጻፍኩ። እዚህ አገር እንዴት አደርክ ሲባል ታምሜ አደርኩ ብሎ የሚመልስ የለም። እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት፤ አውቀዋለሁ። ቅጹ ላይ ግን ይህን የምጽፍበት ቦታ የለም።

እትዬ አሚናት ስድስት አሉ። ከስድስት ሲወርዱ ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቁኝ፤ ሕመሟ ቀለላት ከተባለ ምራታቸው ሥራውን ሁሉ ልትተውላቸው ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 3

በችኮላ። ማዕረግ ሰው እያከምኩ ሳለ ደወለ። የ«ለ»ዎቹ ቁጥር በጣም ወረደ፣ ከ«ሀ»ዎቹ እኩል ሊሆን ነው ብሎ ጮኸ። ጋሽ ጣሰው አልጋው ላይ ነበሩ።

«ጠንከር አድርገሽ ጠይቂያቸው።»

«ሀዎቹንም?»

«ሀዎቹን ተያቸው።»

ከሰዓት የአንድ ለአምስት ስብሰባ አለ። ስለ ምርጫው ነው። መቅረት አይቻልም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ጋሽ ጣሰው፣ አምስተኛ። ቁጥር፣ ሁለት። እትዬ አሚናት፣ ሦስት። እሳቸው የሕመም ማስታገሻ ክኒናቸውን ካቆሙ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል።

ጋሽ ጣሰው ሲነሱ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ከአባታቸው የወረሱት የደን ድርሻ አላቸው፤ ኮቦ ይሉታል። በጉልበታቸው ምክንያት ሁለት ዓመት ቀፎ አልሰቀሉበትም። ዘንድሮም ባዶውን ካደረ የአጎታቸው ልጅ ሊሰቅልበት ነው። ዛፎቹ ቁመታቸው የሚያስፈራ ነው፤ ሰው በገመድ ታስሮ፣ ቀፎ ተሸክሞ ነው የሚወጣባቸው።

«ልውጣ ወይስ ልተው፣ ሲስተር?»

እንደሚሰማዎት ያድርጉ አልኳቸው። ወረፋው ረጅም ነበር።

ሰኞ፣ መጋቢት 14

ጋሽ ጣሰው ትናንት ወደቁ። የነገረኝ የካርድ ክፍሉ ፈለቀ ነው። «አንቺ ጋ የሚታከሙት ሰውዬ አይደሉም? ቀፎ ይዘው ሲወጡ ጉልበታቸው ከዳቸው አሉ።» በቃሬዛ ቦንጋ ሆስፒታል አድርሰዋቸው፣ ዛሬ ሌሊት ወደ ጅማ ተልከዋል። ቀኝ ቅልጥማቸው ተሰብሮ ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል።

ዘጠኝ ሰው አከምኩ። አንዱንም አላስታውስም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

ቅዳሜ ዝናብ ነበር፤ ግንዱ ርሶ ይሆናል። ገመዱም አሮጌ ሊሆን ይችላል። ዕድሜውን ሙሉ ዛፍ የወጣ ሰውም ይወድቃል፤ ማንኪራ ውስጥ በየዓመቱ የሚወድቅ አለ። ዱልዱሙ መርፌ ጉዳት የለውም። ይህን ቅጹም ይላል። እውነተኛውን ቢወጉስ ኖሮ? ስድሳ ዓመት የተሸረሸረ ጉልበት በአምስት መርፌ ዛፍ አያወጣም። እውነተኛውን ያገኘ ሰው ቢጠይቀኝ ምን እመልስ ነበር? አይውጡ እል ነበር።

ይህን ጽፌ መልሼ አነበብኩት። ስድሳ አይደለም፤ ሃምሳ ስምንት ናቸው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 17

የስድስተኛው ሳምንት ቁጥር የሚሞላበት ቀን። የጋሽ ጣሰው ሣጥን ባዶ ነው። ለማዕረግ ነገርኩት።

«በአምስተኛው ስንት ነበር ያሉት?»

«ሁለት።»

«እንግዲያው ስድስተኛውም ሁለት ነው። የታወቀ አሠራር ነው፤ ያቋረጠ ሰው የመጨረሻ ቁጥሩ ይያዝለታል።»

«አጥንታቸው ተሰብሯል እኮ፣ ማዕረግ።»

«የምናጠናው ጉልበታቸውን ነው፣ ቅልጥማቸውን አይደለም።»

ሁለት ብዬ ሞላሁ። «ለ» ከደረሳቸው አሥራ ሁለት ሰዎች ሁሉ፣ በወረቀቱ መሠረት፣ ሕመማቸው ከሁሉ ያነሰው ጋሽ ጣሰው ናቸው።

ሰኞ፣ መጋቢት 21

የጋሽ ጣሰው ባለቤት በዛወርቅ ከጅማ መጣች። በእኔ ዕድሜ ናት። የጅማ ሐኪሞች እዚህ የታከሙበትን ወረቀት ጠይቀዋት ነው። ፈለቀ እስኪያወጣላት እኔ ክፍል አስቀመጥኳት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

«አልሞቱም እኮ፣ በዛወርቅ።»

«ፈርቶ ነበር። ገመዱን ሲያይ ሲያስቀምጥ፣ ሲያይ ሲያስቀምጥ ዋለ። እኔ ነኝ፣ መውጣት ካልቻልክ ክሊኒክ የምትመላለሰው ለምንድን ነው ያልኩት። ሰው እየሰማ ነው ያልኩት።»

ውሃ ሰጠኋት። «ራስሽን አትውቀሺ» አልኳት። ይህን አልኳት፤ ከዚህ ሌላ ምንም አላልኩም። ወረቀቱን ተቀብላ ስትወጣ ትከሻዬን ሳመችኝ። «አንቺማ ሕመሙን ሁለት ላይ አድርሰሽልኝ ነበር» አለች።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 2። ስቅለት

ከቤተ ክርስቲያን መመለሴ ነው። ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ የማየው ጉልበት ነበር። ማን ቀድሞ ቀኙን እንደሚያጥፍ፣ ማን በእጁ እንደሚነሳ። ከ«ለ»ዎቹ ሁለቱ እዚያ ነበሩ። አንደኛዋ በጥር መቀመጥ እንኳ አትችልም ነበር፤ ዛሬ እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ስትሰግድ አየኋት። ዓይናችን ሲገጥም በእጇ ምልክት አመሰገነችኝ። ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። መጋቢት 10 ላይ የጻፍኩት ልክ አይደለም። እንደሚሰማዎት ያድርጉ አላልኳቸውም። «ሁለት ላይ ከደረሱማ ምን ይከለክልዎታል? ይውጡ እንጂ!» ነው ያልኩት። እየሳቅሁ ነበር። ወረፋም አልነበረም።

ለአራተኛው አንቀጽም ካፊኖኖው ይመቻል። እናቴ ባትማርም በአንድ እስትንፋስ ትለው ነበር።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 14

ጋሽ ጣሰው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። አጥንቱ መያዝ ጀምሯል፤ ቁርጭምጭሚታቸው ግን አይታጠፍም፤ እግሩም አጥሯል። ከእንግዲህ ዛፍ አይወጡም። በትንሣኤ ማግስት የአጎታቸው ልጅ በኮቦው ላይ አሥራ አራት ቀፎ ሰቀለ። ፈለቀ ይህን ሁሉ ከየት እንደሚሰማ አላውቅም። «ምን ያርግ፣ ዛፍ ሰው አይጠብቅም» አለ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 18

ማንኪራ ሄድኩ። እስከ መንገዱ ጫፍ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ሰው ሁሉ ሰላም ይለኛል፤ ሁለት ቦታ የጎበጠ ሽማግሌ አስቁሞኝ ጉልበቱን አሳየኝ።

ጋሽ ጣሰው ደጃፍ ላይ ነበሩ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን በጎኑ የተጋደመ ቀፎ ላይ ዘርግተዋል። በዛወርቅ ከእንሰቱ ሥር ቆጮ ትከትፋለች። ሁለቱም ሊነሱልኝ ሞከሩ።

ቶሎ ካልተናገርኩ እንደምተወው ስላወቅሁ ሳልቀመጥ ጀመርኩ። በካፊኖኖ። መርፌው ገብቶ እንደማያውቅ፣ አንድም ቀን፤ ይህ በወረቀቱ ላይ ተጽፎ እንደነበር፤ አውቄ እንደዘለልኩት። ይውጡ ያልኩትም እኔ እንደሆንኩ። ለምን እንደዘለልኩትም ነገርኳቸው፤ ለትምህርት የሚሆን ደብዳቤ ፈልጌ ነው አልኩ። አፌን ሞልቼ ስናገረው በጣም ትንሽ ነገር ሆነ።

የበዛወርቅ ቢላዋ ቆመ። ጋሽ ጣሰው «ለእሷም ንገሪያት» አሉ።

«እየሰማች ነው እኮ።»

«በስሟ ጥሪያትና ንገሪያት። አምስት ሳምንት ሙሉ አልቅሳለች።»

ዞርኩ። «በዛወርቅ፣ ዛፉ ላይ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። አንቺ አይደለሽም» አልኳት። ቆጮውን መክተፍ ቀጠለች፤ ከቀድሞው ይልቅ እየፈጠነች።

«ትንሽ ግን ቀሎኝ ነበር» አሉ ጋሽ ጣሰው። «ሁለት አልነበረም። አምስት ነው፣ ምናልባት ስድስት። ሁለት ያልኩት ላንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ?»

«ያ አለቃሽ ስለ ቁጥር ሲቆጣሽ ሰማሁ። የእኔ ቁጥር ሲያምር የሚተውሽ መሰለኝ።» እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው መልሰው አስቀመጡት። «ዛፉ ላይም ሁለት ያልኩትን አምኜ ነው የወጣሁት። ሰው የራሱን ውሸት እንዴት ያምናል?»

ይቅርታ አልኩ። ቃሉን እንዳልሰሙ ሆነው «ለሌሎቹስ ነግረሻል?» አሉ።

«አልነገርኩም።»

«ስንት ናቸው?»

«አሥራ አንድ።»

«ዛፍ የሚወጣ ባይኖር፣ መሰላል የሚወጣ አይጠፋም። አሥራ አንድ ሰው አለ፣ አንቺ እዚህ እኔ ጋ ቆመሻል።»

እንግዳ ሳይሸኝ የማይለቀቅበት አገር ነው። ዛሬ የሸኘኝ የለም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ለማዕረግ ደወልኩ። አራተኛውን አንቀጽ ዘልዬ እንዳነበብኩ ነገርኩት።

«ለማን ነግረሻል?»

«ለጋሽ ጣሰው።»

«በቃ፣ እዚያው ላይ ይቁም። ለሌላ ማንም አትንገሪ። ሰዎቹ ቀሏቸዋል፣ መንገርሽ ማንን ሊጠቅም ነው?» ድምፁ ወረደ። «ወሰንየለሽ፣ እኔም እኮ ይህን ጥናት ሦስት ዓመት ነው የጠበቅሁት።»

በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። ጥናቱን ለፈቀደው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አንድ ገጽ አልሞላም። በምሳ ሰዓት ፖስታ ቤት አስገባሁት። የማስተርሱ ነገር አበቃ። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ቅር አለኝ፤ አሁንም ቅር የሚለኝ እሱ ነው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 30

ከአሥራ አንዱ ስምንቱ ጋ ደርሼ እውነቱን ነገርኳቸው። አንዱ ሰደበኝ። አንዱ ሳቀ። መጋረጃ ከፍተው ያዩኝ አንዲት ሴትዮ በሩን ዘጉብኝ። በስቅለት ስትሰግድ ያየኋት ሴት «እሱ የፈቀደው ነው፤ አንቺ ምን አገባሽ?» አለችኝና ምሳ አቀረበችልኝ። ቀሪዎቹ አራት ምንም አላሉም። ከሁሉ የከበደኝ እነሱ ናቸው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 1

ሺሺንዳ። የገበያ ቀን ስለሆነ አውቶቡሱ ሙሉ ነበር። እትዬ አሚናት ሱቃቸው ውስጥ ወንበር ላይ ቆመው ከላይኛው መደርደሪያ ጣቃ ያወርዳሉ። ሲያዩኝ ከወንበሩ ዘለው ወረዱ። በእውነት ዘለው።

«ሲስተር ወሰን! አየሽልኝ? አንድ ላይ ደርሻለሁ፤ ግማሽም ልቀንስልሽ?»

ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቄ ነገርኳቸው። ጣቃውን እያጠቀለሉ ሰሙኝ። ጨርሰው አስቀመጡት፣ መልሰው ደግሞ ፈቱት።

«መነጽሬን የረሳሁ ዕለት?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ስድስቱንም ቀን?»

«ስድስቱንም።»

«ታዲያ አሁን ለምን ነገርሽኝ?»

«ማወቅ ስላለብዎት።»

«ያኔ ነበር ማወቅ የነበረብኝ። አሁን ድኜ ነበር እኮ» አሉ። እጃቸው ሳያውቁት ወደ ጉልበታቸው ሄደ።

ሰኞ፣ ግንቦት 10

እትዬ አሚናት በመጀመሪያው አውቶቡስ መጡ። ከመናኸሪያው እስከ ክሊኒኩ በባጃጅ ነው የመጡት፤ ከባጃጁ እስከ እኔ ክፍል ደግሞ የሹፌሩን ክንድ ይዘው። ያነክሳሉ። ከነገርኳቸው ማግስት ጀምሮ ነው አሉ። ክኒኑንም እንደገና ጀምረዋል።

አልቆጡኝም። መቆጣቱ ይሻለኝ ነበር። አልጋው ላይ ወጡና ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ።

እውነተኛውን መርፌ ከነማሸጊያው አውጥቼ በእጃቸው አስያዝኳቸው። ይህ ይገባል አልኩ፤ ጡንቻው ይነዝራል፤ አንዳንዱን ይረዳል፤ ሁሉንም አይረዳም፤ እርስዎን ይርዳ አይርዳ አላውቅም። መነጽራቸውን አድርገው ጫፉን በመስኮቱ ብርሃን አዩት።

«ያማል?»

«ትንሽ ያማል፣ እትዬ።»

መርፌውን መለሱልኝ።

«ያኛው አያምም ነበር» አሉ።